የሳይንስ ኦሊምፒያዶችን ስለ ማነጻጸርና ለውድድሩ ስለ መዘጋጀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በተለይም በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን አካባቢ ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለመምህራኖቻቸው የተዘጋጀ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎች ጋር በምሠራበት የሳይንስ ክበብ ስለ ኦሊምፒያድ፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከባድ የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄዎችን በመፍታት ስለሚወዳደሩበት ውድድር፣ እየተመላለሱ የሚነሡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ በቃል ስመልሳቸው ከቆየሁት በተሻለ ዝርዝር አስፍሬያቸዋለሁ። ውድድሮቹ የተጀመሩባቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦሊምፒያድ ከክፍል ፈተናና ከማትሪክ በምን ይለያል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ፈተና ነው። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ የሚታረመውም ተማሪው የመረጠው ፊደል እንጂ ወደዚያ ፊደል ያደረሰው ሐሳብ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ግን ለሦስት ጥያቄ አራት ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ ነጥብ የሚያዘውም በመልሱ ላይ ሳይሆን መልሱ ለምን እውነት እንደ ሆነ በተጻፈው ማብራሪያ ላይ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለ ሆነ፣ በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ የመጀመሪያውን የኦሊምፒያድ ወረቀት ሲያይ አንድም ጥያቄ ሳይሠራ ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስለ ችሎታውም የሚናገረው ነገር የለም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ማየቱ ይጠቅማል። ለአዲስ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የምሰጠው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ከ1 እስከ 100 ካሉት ሙሉ ቁጥሮች 51 ቁጥሮችን በፈለጋችሁት መንገድ ብትመርጡ፣ ከመረጣችኋቸው መካከል ተከታታይ የሆኑ ሁለት ቁጥሮች የግድ እንደሚገኙ አረጋግጡ። አብዛኞቹ ተማሪዎች መጀመሪያ 1፣ 3፣ 5 እያሉ ጎዶሎ ቁጥሮችን በሙሉ ይመርጣሉ፤ እነዚህ 50 ናቸው። ከዚያም 51ኛውን ለመጨመር ሲሞክሩ የትኛውም ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጋጭ ያያሉና «ስለዚህ እውነት ነው» ብለው ይዘጉታል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ ሆኖም ያረጋገጠው ስለ አንድ ዓይነት አመራረጥ ብቻ ነው። በሌላ መንገድ የመረጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው አልተነገረም፤ ስለዚህ ለፈታኙ ይህ ወረቀት ባዶ ሊባል ትንሽ የቀረው ነው። ሙሉው ማረጋገጫ ቁጥሮቹን ጥንድ ጥንድ ያደርጋቸዋል፦ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ እንዲህ እያለ እስከ 99 ከ100 ድረስ። ጥንዶቹ 50 ናቸው። የተመረጡት ቁጥሮች 51 ስለ ሆኑ ከአንድ ጥንድ ሁለቱም መመረጣቸው አይቀርም፤ የአንድ ጥንድ አባላት ደግሞ ተከታታይ ናቸው። ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው በማንኛውም መንገድ ቢመርጥ ከዚህ አያመልጥም። ተማሪው በመጀመሪያው ጽሑፍና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት የገባው ዕለት ዝግጅቱ ተጀምሯል ማለት ይቻላል።

ዋና ዋናዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የትኞቹ ናቸው? እንዴትስ ይነጻጸራሉ?

በዕድሜ ቀዳሚው የሒሳብ ኦሊምፒያድ ነው። በ1959 በሩማንያ በ7 አገሮች ተጀመረ። አንድ አገር እስከ 6 ተማሪዎች ይልካል፤ ፈተናው በሁለት ቀን ውስጥ የሚሰጡ 6 ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ 7 ነጥብ ስለሚይዝ ድምሩ 42 ነው። የሚጠየቀው ከአልጀብራ፣ ከጂኦሜትሪ፣ ከቁጥር ንድፈ ሐሳብና ከኮምቢናቶሪክስ (ከአቆጣጠርና ከአደራደር ሒሳብ) ነው። ካልኩለስ አይጠየቅም፤ ካልኩሌተር ይዞ መግባትም አይፈቀድም።

የፊዚክስ ኦሊምፒያድ በ1967 በዋርሶ፣ የኬሚስትሪው ደግሞ በዓመቱ በፕራግ ተጀመሩ። ፊዚክስ 5 ተማሪዎችን ያወዳድራል፤ 30 ነጥብ የሚይዝ የንድፈ ሐሳብ ፈተናና 20 ነጥብ የሚይዝ የተግባር ፈተና አለው፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 5 ሰዓት ይፈጃሉ። የኬሚስትሪው ቡድን 4 ተማሪዎች ሲኖሩት፣ ከነጥቡ 60 በመቶው ለንድፈ ሐሳብ፣ 40 በመቶው ለተግባር ይሰጣል። ኬሚስትሪ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ መልካም ልማድ አለው፤ አስተናጋጁ አገር ከውድድሩ ወራት ቀደም ብሎ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ለሁሉም በይፋ ያወጣል፣ በዚያ ዓመት ትኩረት የሚደረግባቸውን ርእሶችም ከእነዚሁ ጥያቄዎች መረዳት ይቻላል። መምህር በቅርብ ለማያገኝ ተማሪ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ በ1989 በቡልጋሪያ፣ የባዮሎጂው በ1990 በቼኮዝሎቫኪያ ተጀመሩ፤ ሁለቱም 4 ተማሪዎችን ያወዳድራሉ። ባዮሎጂ በንድፈ ሐሳብና በቤተ ሙከራ ሥራ እኩል ይመዝናል። ኢንፎርማቲክስ ደግሞ በሁለት ቀን፣ በየቀኑ 5 ሰዓት፣ እያንዳንዳቸው 100 ነጥብ የሚይዙ 6 የፕሮግራም ጥያቄዎችን ያቀርባል። የተማሪውን ፕሮግራም የሚያርመው ኮምፒውተር ነው፤ ጥያቄውን በከፊል የሚፈታ ፕሮግራምም እንደ ደረጃው ከፊል ነጥብ ያገኛል።

ከእነዚህ ሌላ በ2007 በታይላንድ የተጀመረው የሥነ ፈለክና የአስትሮፊዚክስ ኦሊምፒያድ፣ እንዲሁም በ2004 በኢንዶኔዥያ የተጀመረውና ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ የተዘጋጀው የታዳጊዎች የሳይንስ ኦሊምፒያድ አሉ። በአህጉራችን ደረጃ የመላው አፍሪካ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ከ1987 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አቀራረቡ ከዓለም አቀፉ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ጥያቄዎቹ ቀለል ስለሚሉ፣ ሒሳብ ለሚወድ ጀማሪ መጀመሪያ በእነዚህ እንዲለማመድ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉም የቱ ይከብዳል?

ጥያቄዎቹን ማወዳደር ያስቸግራል፤ ክብደታቸው የተለያየ ስለ ሆነ። ባዮሎጂ ሰፊ ንባብ ይጠይቃል፤ ኬሚስትሪም እንዲሁ ብዙ የዩኒቨርሲቲ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ይዘት ይነካል። ሒሳብ የሚጠይቀው እውቀት በአንጻሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከጥያቄው ጋር ብቻውን ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ምንም ሳያገኝ መቆየት የሚችል ተማሪ ይፈልጋል። ፊዚክስ በሁለቱ መካከል ይገኛል።

ታዲያ ልጄ የትኛውን ይምረጥ?

ወላጆች ይህን ጥያቄ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ሜዳሊያ በየትኛው እንደሚቀል ነው። እኔ ግን ምርጫው በሁለት ነገሮች ላይ ቢመሠረት እመርጣለሁ፤ አንደኛው ልጁ ማንም ሳያዘው ጊዜውን በምን ላይ እንደሚያሳልፍ፣ ሁለተኛው በአካባቢው በተጨባጭ የሚገኘው መሣሪያና ሰው ነው። ወረቀት ላይ እየሞነጫጨረ ምሳውን የሚረሳ ልጅ ለሒሳብ ይሆናል። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚያይ፣ የሚለካና የሚያነጻጽር ከሆነ ፊዚክስ ይስማማዋል። ቅጠልና ነፍሳት እያገላበጠ የሚያይ፣ የሚያየውንም በጥንቃቄ የሚስል ልጅ ከሆነ ደግሞ ለምን በሒሳብ ስም እንደሚጨናነቅ አይገባኝም።

በመሣሪያ በኩል ሐቁን መናገር ይገባል። በከተማው ዳርቻ በአዲስ ሰፈሮች የተከፈቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ያለበት ክፍል ቢኖራቸውም፣ ኬሚካሉም ሆነ ማይክሮስኮፑ ለሁሉም ተማሪ አይዳረስም። ስለዚህ በሒሳብ መጀመር ወጪ የለውም፤ ፊዚክስ በትንሽ ወጪ ይሠራል፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ግን የተግባር ክፍላቸውን የሚደግፍ ተቋም እስኪገኝ ድረስ በንድፈ ሐሳብ በኩል ብቻ ሊገፉ ይችላሉ። በ9ኛ ክፍል ሁለቱን ሞክሮ በ10ኛ አንዱን መያዝ ጥሩ አካሄድ ነው።

ትምህርት ቤታችን የሚሠራ ቤተ ሙከራ የለውም። ለፊዚክስ የተግባር ፈተና እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

የተግባር ፈተናው የሚፈትነው ውድ መሣሪያ መጠቀምን ሳይሆን መለካትን ነው፤ መለካት ደግሞ በቤት ውስጥ ይለመዳል። ከሁሉም አስቀድሜ የማሠራው ሙከራ የሚፈልገው ሲባጎ፣ አንድ ከባድ ዳዶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ዳዶው በሲባጎው ጫፍ ታስሮ ከበር ጉበን ላይ ይንጠለጠላል፤ ከማንጠልጠያው እስከ ዳዶው መሐል 1 ሜትር እንዲሆን ይለካል፤ ከዚያ በትንሽ ማዕዘን፣ ከ10 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ይለቀቃል። ሄዶ ለመመለስ የሚወስደውን ጊዜ ካወቅን የመሬትን የስበት ፍጥንጥነት ማስላት እንችላለን።

አብዛኛው ጀማሪ አንድ ምልልስ ብቻ ለክቶ ወደ ስሌቱ ይሮጣል። የአንድ ምልልስ ጊዜ 2 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስልኩን የሚጫነው ጣት ደግሞ 0.2 ሰከንድ ያህል ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ይህ ትንሽ የሚመስል ስህተት ስሌቱ ውስጥ ሲገባ መልሱን በሰከንድ ካሬ ከ8 ሜትር እስከ 12 ሜትር ድረስ ያወዛውዘዋል፤ በዚህ ልኬት ስለ ምንም ነገር መናገር አይቻልም። ያው ተማሪ 20 ምልልስ በተከታታይ ቢቆጥር ጠቅላላው ጊዜ 40.2 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ የጣቱ ስህተት ያው 0.2 ሰከንድ ቢሆንም አሁን የሚከፋፈለው ለ20 ስለ ሆነ፣ መልሱ ከ9.7 እስከ 9.9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አለካኩ ነው።

ቀጥሎ የሲባጎውን ርዝመት 40፣ 60፣ 80፣ 100 እና 120 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ መለካትና የጊዜውን ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ የመስመሩ ተዳፋት ለአንድ ሜትር 4.04 ሰከንድ ካሬ አካባቢ መሆን አለበት። እዚህ ላይ የሚገኘው ትምህርት ደስ የሚል ነው፦ አንድ ተማሪ ርዝመቱን እስከ ዳዶው መሐል ሳይሆን እስከ ቋጠሮው ብቻ ለክቶ ከሆነ፣ መስመሩ በዜሮ በኩል አያልፍም፤ ተዳፋቱ ግን ትክክለኛ ሆኖ ይቀራል። ፈታኞች ከአንድ ልኬት ይልቅ ግራፍ የሚጠይቁበት ምክንያት በዚህ በግልጽ ይታያል፤ እንዲህ ያለው ስህተት ራሱን የሚያጋልጠው በግራፍ ላይ ነውና።

ሌላው የአካባቢያችን ትምህርት የፈላ ውሃ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፣ ውሃ በቤታችን የሚፈላው በ92 እና በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ቴርሞሜትሩ 92 እያሳየ በደብተሩ ላይ 100 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያጋጥመኛል፤ መጽሐፉ 100 ስለሚል። በተግባር ፈተና ከዚህ የከፋ ልማድ የለም። ያዩትን መጻፍ፣ ከዚያ ለምን ከተጠበቀው እንደ ተለየ መጠየቅ፣ ሁለቱም ነጥብ አላቸው።

ለኬሚስትሪ በቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ?

አለ፤ ውሱን ቢሆንም። ከርከዴ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ አሲድንና ቤዝን ይለያል፤ አቼቶ ወይም ሎሚ ሲጨመርበት ቀይነቱ ይደምቃል፣ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። መርፌው የወጣለት የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ገዝቶ፣ የሶዳውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ቀለሙ የሚለወጥበትን መጠን መመዝገብና ሥራውን ሦስት ጊዜ ደግሞ መጠኖቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ማየት እውነተኛ የቲትሬሽን ልምምድ ነው። ጠንካራ አሲድና ሌላ ጠንካራ ኬሚካል ያለ መምህር በቤት ውስጥ መንካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የባትሪ አሲድም ሆነ በረኪና ለልምምድ አይሆኑም።

ከዚያ በላይ ላለው ሥራ ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ይችላል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በእኛው አቅጣጫ፣ በቂሊንጦ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው።

ኮምፒውተር የለኝም፤ መብራትም ይጠፋል። ኢንፎርማቲክስ ሊሆንልኝ ይችላል?

ለጅምሩ ይሆናል። የዚህ ውድድር አስቸጋሪው ክፍል መንገዱን ማግኘት ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ ይሠራል። አንድ ጥያቄ ወስዶ፣ ቁጥሮቹ ትንሽ ሲሆኑ በእጅ ፈትቶ፣ ከዚያ ቁጥሮቹ አንድ ሚሊዮን ቢደርሱ ይኸው መንገድ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ ማስላት ለብዙ ሳምንታት የሚበቃ ሥራ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መልመድ ግን የግድ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ስልክ ላይ የሚሠሩ መተግበሪያዎች ለመጀመር ያህል ይበቃሉ እንጂ ለአምስት ሰዓት ውድድር አያዘጋጁም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ኮምፒውተር የማያገኝ ተማሪ ሒሳብን ይዞ ቢቆይ ይሻለዋል፤ የተማረው ሒሳብ በኋላ ለኢንፎርማቲክስም አይባክንበትም።

የሥነ ፈለክ ኦሊምፒያድ ለእኛ ሩቅ አይደለምን?

በመሣሪያ ረገድ ሩቅ ነው፤ በሰማይ ረገድ ግን ከመሐል ከተማው ልጆች እንሻላለን። ውድድሩ ከንድፈ ሐሳብና ከመረጃ ትንተና ሌላ የሰማይ ምልከታ ፈተና አለው። መሐል አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በመንገድ መብራት ምክንያት የማያያቸውን ደብዛዛ ኮከቦች በገላን ወይም በለገጣፎ በኩል ያለ ተማሪ ከሰፈሩ ጥቂት ወጣ ብሎ ያያቸዋል። በተጨማሪ እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ፣ የሰሜንንም የደቡብንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል በዓመት ውስጥ እናያለን፤ ታላቁን ድብም የደቡብ መስቀልንም ከአንድ ሜዳ ማየት ለአውሮፓ ተማሪ የማይታሰብ ነው። የሰሜን ኮከብ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ እንጦጦ ከፊት ለፊት ለሚጋርድበት ሰው መፈለጉ ያደክማል። ለምልከታ የሚመቹት ወራት ክረምቱ ካለቀ በኋላ ያሉት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ናቸው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ለዚህ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች የሚጠየቅ ማኅበር ነው።

ከስንተኛ ክፍል መጀመር ይገባል? ከ12ኛ ክፍል ፈተና ጋርስ አይጋጭም?

ይጋጫል፤ ይህንንም ወላጆች አስቀድመው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ዓለም አቀፎቹ ውድድሮች የሚካሄዱት በአብዛኛው በሐምሌ ውስጥና በዙሪያው ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውም በቅርብ ዓመታት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ ተማሪው ጠንክሮ የሚወዳደርባቸው ዓመታት 10ኛና 11ኛ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል፤ ለዚያም 9ኛ ክፍል ላይ፣ ቢቻል 8ኛ ክፍል ላይ መጀመር ያስፈልጋል። 12ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ «ኦሊምፒያድ ልጀምር» የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ፣ ለደስታው ያህል ጥያቄዎችን እንዲሞክር አበረታታዋለሁ እንጂ ለፈተናው የሚያስፈልገውን ጊዜ እንዲቀንስ አልመክረውም።

የዕድሜ ገደቡ ከ20 ዓመት በታች መሆን ሲሆን፣ ተማሪው የዩኒቨርሲቲ መደበኛ ትምህርት ያልጀመረ መሆን አለበት። 12ኛን ጨርሶ ምደባ የሚጠብቅ ልጅ በዚህ ደንብ አይከለከልም።

ልምምዱ ብሔራዊ ፈተናውን ይጎዳል ወይ ለሚለው፣ በሳምንት አራትና አምስት ሰዓት ከሆነ አይጎዳም ባይ ነኝ። አንድን ነገር ለምን እውነት እንደ ሆነ መጠየቅ የለመደ ተማሪ ቀመር ቢረሳ እንኳ መልሶ ያወጣዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የክፍል ትምህርቱን መመልከት ይገባል።

በሳምንት ውስጥ እንዴት ላጥና? ምን ላይስ ላተኩር?

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በየውድድሩ ይፋዊ ድረ ገጾች ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ከእነሱ የተሻለ መለማመጃ የለም። አውርዶ ማተም ለማይችል ተማሪ መምህሩ አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ቢጽፍለት ለሳምንት ይበቃዋል። እዚህ ላይ በደንብ መያዝ ያለበት ነገር መልሱን መቼ ማየት እንደሚገባ ነው። ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ በአሥር ደቂቃ ካልመጣለት መልሱን ከከፈተ፣ ያነበበው ይገባዋል፤ «ገብቶኛል» ብሎም ያልፋል፤ ሌላ ጥያቄ ሲገጥመው ግን እጁ ባዶ ይሆናል። በአንድ ጥያቄ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት መቆየት፣ የሞከሩትን ሁሉ ያልሠራውንም ጭምር በደብተር ማስፈር፣ በማግሥቱ እንደ ገና መመለስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልሱን መግለጥ ይገባል። መልሱንም ካነበቡ በኋላ ዘግተውት በራስ ቃል እንደ ገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ስልክ ላይ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ መልስ የሚያወጣ መተግበሪያ አሁን በብዙ ተማሪዎች እጅ አለ። ለቤት ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም ሌሎች ይመዝኑት፤ ለኦሊምፒያድ ዝግጅት ግን የሚጎዳ ነው፣ ምክንያቱም ልምምዱ ያለው በዚያች መልስ በማትገኝባት ሰዓት ውስጥ ነው።

የጻፉትን ለሌላ ሰው ማስነበብም ከዝግጅቱ አይነጠልም። በሒሳብ ኦሊምፒያድ የተማሪውን ወረቀት መጀመሪያ የራሱ አገር ቡድን መሪዎች ያነቡታል፤ ከዚያ ከአስተናጋጁ አገር አራሚዎች ጋር ተቀምጠው ስለ ነጥቡ ይነጋገራሉ። ወረቀቱ ግልጽ ካልሆነ መሪው ሊከራከርለት የሚችለው ነገር የለም። በክበባችን ይህንኑ በትንሹ እናደርገዋለን፦ አንድ ተማሪ የጻፈውን ማረጋገጫ ሌላው ተማሪ ወስዶ ሰሌዳ ላይ ያስረዳል፤ ጸሐፊው አፉን ከፍቶ ማገዝ አይፈቀድለትም። ጓደኛው መሐል ላይ ቆሞ «ይህ ከየት መጣ?» ያለበት መስመር ብዙውን ጊዜ ማረጋገጫው የጎደለበት መስመር ሆኖ ይገኛል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ያግደኛል?

በሒሳብ ብዙ አያግድም። በዓለም አቀፎቹ ውድድሮች የቡድን መሪዎች ጥያቄውን ወደ ተማሪዎቻቸው ቋንቋ መተርጎም ይችላሉ፤ ተማሪውም በራሱ ቋንቋ ይጽፋል። የመለማመጃ ጽሑፎቹ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚገኙና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረውም በዚሁ ስለ ሆነ፣ የሙያውን ቃላት ማወቅ ግድ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተወያይቶ በኋላ በእንግሊዝኛ መጻፍ ምንም ነውር የለበትም፤ እኛም የምናደርገው እንዲሁ ነው።

ሴት ተማሪዎች በክበቡ የሚቀንሱት ለምንድን ነው? ምንስ ማድረግ ይቻላል?

9ኛ ክፍል ላይ ቁጥራቸው ከወንዶቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ 11ኛ ሲደርሱ የሚመናመንበትን ሁኔታ ብዙ መምህራን ያውቁታል። ምክንያቱ ከሒሳቡ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ክበቡ ከትምህርት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ልጅቷ ቤት ደርሳ የሚጠብቃት ሥራ አለ፤ ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጉዞም ሲመሽ ያሰጋታል፤ ታክሲውም በዚያ ሰዓት አይገኝም። ክበቡን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ማዛወር ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ወላጆችም እባካችሁ፣ ወንድ ልጃችሁ ለክበቡ ሲሄድ የሚፈቀድለትን ሰዓት ለሴት ልጃችሁም ፍቀዱላት።

ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ በ1994 በሆንግ ኮንግ፣ በ1995 በቶሮንቶ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች፤ በሁለተኛው ላይ ከ42 ነጥብ 42 አምጥታለች። በ2014 በሒሳብ ከሚሰጡት ታላላቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳሊያ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ለሴት ተማሪዎች ብቻ የሚካሄድ የአውሮፓ የሒሳብ ኦሊምፒያድም ከ2012 ጀምሮ አለ፤ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ አገሮችንም በእንግድነት ይቀበላል።

ሜዳሊያ የሚያገኘው ስንቱ ነው?

በሒሳብና በፊዚክስ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ደግሞ 60 በመቶ ገደማው ከሦስቱ ሜዳሊያዎች አንዱን ያገኛል። በሒሳብ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ 1 ለ2 ለ3 በሆነ ምጣኔ ይሰጣሉ፤ ሜዳሊያ ያላገኘ ተማሪ አንድ ጥያቄ እንኳ ሙሉ በሙሉ ከፈታ የክብር ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

ኦሊምፒያድና የሳይንስ አውደ ርዕይ አንድ ናቸው?

አይደሉም። በአውደ ርዕይ ተማሪው ራሱ የመረጠውን ሥራ በወራት ውስጥ ሠርቶ ያቀርባል፤ በኦሊምፒያድ ግን ሌሎች ያዘጋጁትን ጥያቄ በሰዓታት ውስጥ ይፈታል። እጁ ሥራ ለሚወድ፣ በሰዓት ገደብ ግን ለሚጨነቅ ልጅ አውደ ርዕዩ ይበልጥበታል፤ ይህንንም እንደ ሁለተኛ ምርጫ መቁጠር ስህተት ነው።

አንድ ተማሪ በግሉ ተመዝግቦ መወዳደር ይችላል? ክፍያስ አለው?

ከላይ በጠቀስኳቸው ዓለም አቀፍ ኦሊምፒያዶች ተማሪ በግሉ አይመዘገብም። የሚጋበዘው አገር ነው፤ ተማሪዎቹን መርጦ የሚልከውም በአገሩ ኃላፊነቱን የያዘው አካል ነው። ስለዚህ መረጃ የሚጠየቀው በትምህርት ቤቱ በኩል፣ ከዚያም በክፍለ ከተማ ወይም በከተማ አስተዳደር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ የምርጫ ማስታወቂያ አንዳንድ ጊዜ ከመመዝገቢያው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሚደርስ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ይህን ማወቅ ወላጆችን ከአላስፈላጊ ወጪ ይጠብቃል። «ኦሊምፒያድ» የሚለውን ስም የያዙ፣ ማንኛውም ተማሪ ከፍሎ የሚገባባቸውና ለብዙዎች ሜዳሊያ የሚያድሉ የንግድ ውድድሮች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፤ አንዳንዶቹ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ነገር ግን በስልክ መልእክት «ልጅዎ ተመርጧል፣ ክፍያውን ይፈጽሙ» የሚል ጥሪ ለደረሰው ወላጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ማን እንደ መረጠውና በምን ፈተና እንደ ተመረጠ ነው። ለዚህ ግልጽ መልስ ከሌለ ገንዘቡን አይክፈሉ።

በትምህርት ቤቴ ክበብ ለመጀመር የምፈልግ መምህር ነኝ፤ እኔ ራሴ ግን ኦሊምፒያድ ተወዳድሬ አላውቅም። እችላለሁ?

ይችላሉ። ክበቡን የሚያቆመው የመምህሩ ሁሉንም ጥያቄ መፍታት መቻል አይደለም፤ ተማሪዎቹ ፊት «እኔም አልመጣልኝም፣ አብረን እንየው» ማለት መቻሉ ነው። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ስድስት ወይም ስምንት ተማሪዎች ይበቃሉ፤ በደረጃ ብቻ አይምረጧቸው፤ ጥያቄ የሚያበዛውንና ክፍል ውስጥ ዝም የሚለውንም ይጨምሩ። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጥያቄ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ አይለፉ። የመጀመሪያው ሰዓት ለብቻ የሚሠራበትና ጸጥታ ያለበት ይሁን፤ ሁለተኛው የመወያያ። ከትምህርት ቤቱ የሚጠይቁት አንድ ክፍል፣ ጠመኔና ጥበቃው ቅዳሜ በር እንዲከፍት የሚያዝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ዓርብ ሳይሆን ረቡዕ ያስፈርሙት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈራሚው ላይገኝ ይችላል።